ሁለት ጣት ትርፍ

«ልጄ፣ ማሽኑ እኮ ባዶውን ነው የሚሮጠው» አሉ ሽማግሌው ልብስ ተኳሽ።

ደርባባ ቀና አለች። እውነታቸውን ነው። እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል፣ መርፌው ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ ከመርፌው ሥር ግን አንዲት ብጣሽ ጨርቅ የለችም። የደንበኛዋ ሸሚዝ ተንሸራትቶ ጉልበቷ ላይ ተኝቷል። ስንት ደቂቃ አየር ስትሰፋ እንደቆየች ራሷም አታውቅም። ደግሞ አልደነገጠችም። በመስኮቱ የገባው የረፋድ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ፈስሶ፣ የክር ብናኝ ውስጡ ቀስ እያለ ሲዋኝ እያየች ነበር፤ እሷም አብራው የምትዋኝ መስሏት ነበር።

በዚህ መሐል ስልኳ እንደ ወፍ ማፏጨት ጀመረ። በቀን ስድስት ጊዜ ያፏጫል። የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ናት «ከእንግዲህ ረሃቡ ራሱ ላያስታውስዎ ይችላል፣ ስልክዎ ያስታውስዎ» ብላ ደወሉን በገዛ እጇ የሞላችላት። ደርባባ ሳታየው በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ወፏን ዝም አሰኘቻት።

«የምግብሽ ሰዓት ነው መሰለኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ቁርሴ ገና አልወረደልኝም ጋሼ። ሳጥኑን እርስዎ ይውሰዱት፣ ከሚበላሽ።»

«እንግዲህ ከሚበላሽማ» አሉና የምሳ ሳጥኗን ወስደው እንዳይቀዘቅዝ ካውያው አጠገብ አስቀመጡት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ነው ያደረጉት። ክፋት የላቸውም። በልቻለሁ ስትላቸው አምነዋት ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ማመን እንጂ መጠርጠር አልሆነላቸውም።

ደርባባ ስሟ አይደለም፣ ሠፈሩ ያወጣላት ነው። ድሮ በመንገዱ ስታልፍ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ መንገድ ይለቅላት ነበር፤ ገሚሱ ከአክብሮት፣ ገሚሱ ሌላ ምርጫ ስላልነበረው። ሽማግሌውንም ሰው ጋሽ ካውያ ነው የሚላቸው። ከእሷ ጋር አንዲቷን ክፍል ተካፍለው፣ እሷ ትሰፋለች እሳቸው ይተኩሳሉ። ሙያዋን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ስትቆርጥና ስትገጥም አንድ ነገር አጉድላ አታውቅም፦ ለማንም ሰው ልብስ ስትሰፋ፣ በየጎኑ ስፌት ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ አጥፋ ትተዋለች። ሰው ይወፍራል፣ ሴት ታረግዛለች፣ ወንድ ልጅ አንድ ክረምት ተኝቶ ሲነሳ ትከሻው ሌላ ነው። «ልብስ ሰውን ይጠብቀው እንጂ ሰው ልብስን አይጠብቅም» ትላለች ለደንበኞቿ።

ከስምንት ወር በፊት ነው ሆዷን የተሠራችው። ስኳሩ አላስቀምጥ ብሏት፣ ግፊቱ በላዩ ተጨምሮ፣ ጉልበቷ ደግሞ «ከእንግዲህ አልሸከምሽም» ሲላት፣ ሐኪሙ ጨጓራዋን ቀንሶ ከአንዲት ሙዝ የማትበልጥ አደረጋት። ወደ ክፍላቸው የሚያወጡትን አሥራ አራት ደረጃዎች ያኔ ሦስት ቦታ አርፋ ነበር የምትወጣቸው። የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ ወታደር ታዘዘች። በሻይ ማንኪያ በላች፣ ውኃ እስኪሆን አላመጠች፣ ለአንዲት እንቁላል ሠላሳ ደቂቃ ሰጠች፤ ከምግብ ጋር ውኃ አልጠጣችም፣ ኪኒኖቿን አላስታጎለችም። ስኳሩ ወረደ። ሆዷ ላይ የምትወጋው የስኳር መርፌ ቀረ። አንድ ቀን አሥራ አራቱን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ወጥታ ጨረሰችና ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ጋሽ ካውያ ሰው የሞተባት መስሏቸው ካውያቸውን ጥለው ወጡ፤ የማን እንደነበር እንጃ፣ አንድ ሱሪ ተቃጠለ።

ነገሩ የተበላሸው በሰማያዊው ቀሚስ ነው።

አንድ ልጇ በዚህ ቅዳሜ ትመረቃለች። ደርባባ ከስድስት ሳምንት በፊት የጠራ ሰማይ የመሰለ ጨርቅ ገዛች፣ ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞረች፣ ዘጠና ሁለት አነበበች። ከዚያ ጠመኔዋን አንስታ ጨርቁ ላይ ሰማንያ አራት ብላ አሰመረች። እስከ ምረቃው እደርስበታለሁ ብላ ነው። ትርፍም አልተወችም። ሁለት ጣት መተው ተመልሼ እወፍራለሁ ማለት መሰላትና፣ ጨርቁን ከስፌቱ መስመር ጥግ ድረስ ላጨችው።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቆመ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ግራም ንቅንቅ የለም። ባለሙያዋ አስቀድማ ነግራት ነበር፤ ሰውነት መሐል ላይ ቆም ብሎ ያርፋል፣ አይደንግጡ ብላታለች። ደርባባ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። መጀመሪያ የአሥር ሰዓቱን እርጎ ተወች፣ ቀጥሎ እንቁላሉን፣ ቀጥሎ ኪኒኑን። የትናንቱንም ቀጠሮ «ሥራ በዛብኝ» ብላ ቀረች። ደግሞ ረሃብ የሚባል ነገር ስለማይሰማት ምንም አልከበዳትም። እንዲያውም ቅልል አላት። መንገድ ላይ ስትሄድ እግሯ አስፋልቱን የሚነካ አይመስላትም፤ የመኪናው ጡሩምባ ከሩቅ፣ ከውኃ ማዶ ይመጣል፤ የሰዎች ፊት በጭጋግ ውስጥ እንደሚያልፍ ያልፋል። ያ ስሜት ደስ ይላት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ከብዳ ኖራ፣ መንሳፈፍ ማለት እንዲህ ከሆነ ለምን ይቅርብኝ አለች። ፀጉሯ መርገፍ መጀመሩን ግን ለማንም አልተናገረችም። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ከአዲሱ ኮቱ ኮሌታ ውስጥ አብሮ የተሰፋ ረጅም ፀጉር መዝዞ ሲያሳያት፣ ከክሩ ጋር የመጣ ነው ብላ ዋሸችው።

ዛሬ ቀሚሱ አለቀ። ዚፑን ገጠመች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ልትለካው ወደ መጋረጃው ገባች። መጋረጃው የራሷ የድሮ ቀሚስ ነው፤ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ጥቁር ሰማያዊ። ከተሠራች በኋላ ፈትታ የመለኪያውን ጥግ ጋረደችበት። አንድ ቀሚስ ክፍል ሲጋርድ ያየ ደንበኛ ሁሉ ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች።

ሰማያዊውን በራሷ ላይ አጠለቀች። ክንዶቿ አለፉ። ትከሻዋ አለፈ። ጎኗ ላይ ሲደርስ ቀሚሱ ቀጥ አለ። ወደ ታችም ወደ ላይም አልሄድ አላት። እጆቿን እንደ ሰቀለች፣ ፊቷም እንደተሸፈነ፣ ጨርቁ ውስጥ ቆማ ቀረች።

ልጇ የመጣችው ያኔ ነው። የምረቃ ካባዋ ረዝሞባት እናቷ እንድታሳጥርላት ይዛ መጥታለች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ፤ እማ የለችም?»

«አለች፣ ልብስ እየለካች ነው። ኧረ ቁጭ በይ።»

«ሱሪዎ አዲስ ነው እንዴ? አማረብዎት።»

«አዲስ ከየት አባቱ ይመጣል። የድሮው ነው፣ እናትሽ ናት ባለፈው ሳምንት ያሰፋችልኝ። ያው አንቺ በምትቋጥሪላት እንቁላል ነው የወፈርኩት፤ ትተርፋታለች፣ ትሰጠኛለች።»

ልጅቷ ካባዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ በየቀኑ ነው የምትሰጥዎት?»

ሽማግሌው ካውያውን አቆሙት። «በየቀኑ» አሉ ቀስ ብለው፣ አሁን ገና የገባቸው ይመስል። «በልቻለሁ ትለኛለች እኮ ልጄ።»

ደርባባ ሁሉንም ትሰማለች። በጨርቁ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ ከጥልቅ ውኃ ሥር ሆኖ ፀሐይን ማየት ይህን ሳይመስል አይቀርም። የልጇ ድምፅ ከላይ፣ ከውኃው አናት ይመጣል። ልመልስላት ትላለች፣ አፏ አይታዘዛትም። ደግሞ አትፈራም። ከዚህ ብርሃን ውስጥ ባልወጣስ የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ደስ ብሏት አሰበችው። ከዚያ ወደ ጎን አዘነበለች። አንድ እጇ ጨርቁን እንዳለ ገፍቶ መጋረጃውን ጨበጠ፣ መጋረጃውም ከነሽቦው ወረደ።

ስትነቃ ፊቷ ርሷል። ጋሽ ካውያ ልብስ የሚያርሱበትን የውኃ መርጫ ይዘው እንደ ተጨማደደ ሸሚዝ ይረጯታል። ልጇ ደግሞ መቀስ አንስታለች።

«አትቅደጂው» አለች ደርባባ።

«ልብስሽን እኮ ነው ያልሽው እማዬ» አለች ልጅቷ። «ወድቀሽ ስትነሺ መጀመሪያ ያልሽው ስለ ልብስሽ ነው።» ቢሆንም አልቀደደችውም፤ ስፌቱን በመቀሱ ጫፍ ፈታ አወጣቻት። ከዚያ ስልኩን አንስታ ሆስፒታል ደወለችና ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«ዛሬ ምን በሉ?» አለች የምግብ ባለሙያዋ።

ደርባባ ጣሪያውን አየች። «ምንም።»

«ትናንትስ?»

«ሻይ። ሁለት ማንኪያ ሾርባ።»

«ኪኒኑስ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

ባለሙያዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻላት ነበር። «እናቴ፣ የጠበበው ጨጓራዎ ነው፤ ልብዎና ጡንቻዎ ያው የድሮው ናቸው፣ መብላት ይፈልጋሉ። ያ ቅልል የሚልዎት ነገር ጤና አይደለም፣ ሰውነትዎ እያለቀ ነው። ነገ በጠዋት ለደም ምርመራ ይምጡልኝ። አሁን ለስለስ ያለ ነገር ቀስ እያሉ ይብሉ፣ ከዚያ ጋደም ይበሉ። እንደገና ከወደቁ ነገን አይጠብቁ፣ ወዲያው ይምጡ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ካውያ ሳጥኑን ከፍተው፣ አንገታቸውን ደፍተው አቀረቡላት። «ሳላውቅ በልቼብሻለሁ» አሉ።

«ያበላሁዎት እኔ ነኝ ጋሼ።»

በሻይ ማንኪያ ጀመረች። ልጇ የጨርቁ ክምር ላይ አጠገቧ ተቀምጣ መጉረሷን መዋጧን ትከታተላለች።

«ለምንድን ነው እማ?»

ደርባባ የጎረሰችውን አላምጣ እስክትውጥ ልጅቷ ጠበቀች።

«ወንበሩ» አለች ደርባባ። «የወላጆች ስብሰባ ቀን፣ ትምህርት ቤትሽ። ስቀመጥ የተሰበረው። ልጆቹ ሁሉ ሲስቁ አንቺ መሬት መሬት ታዪ ነበር። አፈረችብኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ የተማርሽበትን ግቢ ሁሉ ረግጬ አላውቅም፤ በር ላይ ቆሜ ነው የጠበቅሁሽ። ቅዳሜ ግን መግባቴ አይቀርም። እናቷ ማናት ሲሉ እንዳታፍሪ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ዓይኗ ሞላ። «መሬት ያየሁት እንዳላለቅስ ነው። ካለቀስኩ አንቺም ታለቅሻለሽ ብዬ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር እማ።» እጇን ያዘቻት። «ስሜ ሲጠራ ከሰው መሐል ቆመሽ እንድታጨበጭቢልኝ ነው የምፈልገው። ስፋትሽን ማን ጠየቀሽ?»

ሁለቱም አለቀሱ። ጋሽ ካውያ መስኮቱን ሊከፍቱ ሄዱ፣ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ተኝታ ስትነሳ፣ ልጇ ሜትሩን በእናቷ ወገብ ላይ አዞረች። ደርባባ ሰው ስትለካ እንጂ ሰው ሲለካት የመጀመሪያዋ ነው፤ ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

«ልቀቂው» አለች ልጇ።

ለቀቀችው። ዘጠና። ልጅቷ የደንበኞቹ ደብተር ላይ «እማዬ» ብላ ጽፋ ቁጥሩን አሰፈረች። «ትርፍ ልጻፍ?»

ደርባባ ወለሉ ላይ የተዘረገፈውን መጋረጃ አየችው። በሰማያዊው በኩል ፈትተው የሚያሰፉት ትርፍ የለም፣ ራሷ ናት ጥግ ድረስ የላጨችው። የድሮውን ቀሚስ ወደ ጭኗ ሳበችና ነጠብጣቦቹን በመዳፏ ዳሰሰቻቸው። የወንበሩ ቀን የለበሰችው ይህንኑ ነው። ጠመኔ አነሳች። ረጃጅም ሁለት ቁራጮች አሰመረችበት፣ ለግራ ጎንና ለቀኝ ጎን።

«ሁለት ጣት ብለሽ ጻፊ» አለች።

ልጅቷ እርጎና ኪኒን ልትገዛ ወጣች። ጋሽ ካውያ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። ደርባባ አንዱን ጎን ገጥማ ጨረሰች፣ ሁለተኛውን ጀመረች። ነጠብጣቡ ከሰማያዊው ጋር ያምራል፤ ይህን አላሰበችውም ነበር። አንድ ስንዝር ሲቀራት ወፏ አፏጨች።

አውራ ጣቷ በልማድ ወደ ስልኩ ሄደ። የሚያያት ሰው የለም። አንድ ስንዝር ደግሞ ምን አላት፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ትታ፣ ወፏ ድምጿን እስክትጨርስ አዳመጠቻትና ሳጥኑን ወደ ራሷ ሳበችው።