ዓሣ የማይገባበት ድስት

ውድነህ አሰብ በገባ በሦስተኛው ቀን ሻንጣው ደጅ ወጥቶ ጠበቀው። ሻንጣው ላይ ፎጣው፣ ፎጣው ላይ ደግሞ ነጠላ ጫማው ተቀምጧል፤ በጣታቸው ጫፍ ይዘው እንዳወጡት ያስታውቃል። የሆቴሉ ባለቤት አቶ ፍቃዱ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ። እዚህ የሚያድረው ሰው ብዙ ነው፤ ይሄ ፊትህ ላይ የወጣው ነገር ቢዛመት ማን ይጠየቃል?» አለው።

ፊቱስ እውነትም ያስፈራ ነበር። ዓይኑ ተደፍኗል፣ ከንፈሩ አብጧል፣ አንገቱ በሽፍታ ቀልቷል። ነገሩ ግን የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ውድነህ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓሣ አይስማማውም፤ ይኸው ነው። መረቁ እንኳ ከነካው ያሳክከዋል፣ ያሳብጠዋል፣ ሲብስም ትንፋሽ ያሳጣዋል። ለወጥ ሠሪው ይህንኑ ነግሮት ነበር፤ እሱም «ሥጋ ነው የሰጠሁህ!» ብሎ ማለለት። ሥጋውን የጠበሰው ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት እንደሆነ ግን ማን ትዝ ብሎት ይናገር!

እስቲ አሁን ይህን ሰው አሰብ መላክ ምን ይሉታል? ግን ተላከ። ጊዜው ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎችን ለሁለት ወር አሠልጥን ተብሎ ከደሴ ተመደበ። «ዓሣ አይስማማኝም» ብሎ ምደባ እምቢ ማለት በዚያ ዘመን የሚሞከር አልነበረም።

በዚያ ሐሩር ሻንጣውን እየጎተተ ሁለት ቤት ሞከረ። አንደኛው ቤት እውነቱን ቢናገር ሳቁበት፤ «ዓሣ የማይበላ ሰው አሰብ ምን ሊበላ መጣ? ጨው?» አሉት። ሁለተኛው ቤት ፊቱን አይተው በሩን ዘጉበት። ላብ በላብ ሆኖ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከሚያርፉበት ከእቴናት ቤት ደረሰ።

እቴናት ባሏ የሞተባት የወሎ ሴት ናት። ግቢዋ ውስጥ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ በዚያ ሙቀት ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። ጥግ ላይ ከባሕር ዳሩ መንደር ከራሔይታ የመጣ ዓሣ በትልቅ መጥበሻ ይንጫጫል። ሽታው ሲመታው ውድነህ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ምነው ልጄ? ምን ሆንክ?»

እውነት መናገር የሚያመጣውን አይቷል። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ስለት አለብኝ፣ እትዬ። ዓሣ ላልቀምስ ለቁልቢው ገብርኤል ተስያለሁ» አላት።

በሰው ስለት ማን ይገባል? አይስማማኝም ሲላቸው የሳቁበት ሰዎች እንኳ ስለት ነው ቢላቸው ኖሮ ዕቃ አጥበው በለዩለት ነበር። የእቴናት ፊት ወዲያው ተለወጠ፤ «አንተ» ማለቷንም ተወች።

«እንዲህ ከሆነማ ድስትዎን ለይቼ አስቀምጣለሁ። ዓሣ አይገባበትም። ስለምን ነው የተሳሉት?»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት? አላለም። «ወንድሜ ዘምቶብኝ ነበር። በሰላም እስኪመለስ ብዬ ተውኩት፤ ሲመለስልኝ ደግሞ እስከ መጨረሻው አልቀምስም አልኩ።»

ወንድም የለውም። ያለችው አንዲት እህት ናት፤ እሷም ደሴ ልብስ ሰፊ ናት።

እቴናት ጭልፋውን አስቀመጠች። «የኔም ልጅ ሣህሉ ሄዷል» አለች። «ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ስምንት ወሩ ነው፤ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ወንድምዎ በስንት ወሩ መጣ?»

ውድነህ ትንሽ አሰበና፣ «በአሥራ አንድ ወሩ» አላት። ለምን አሥራ አንድ እንዳለ እሱ ያውቃል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እቴናትም ስለ ሣህሉ ተስላ ዓሣ በአፏ አልዞረም። ለሾፌሮቹ ትጠብሳለች፣ እሷ ደረቅ ዳቦ በሻይ ትበላለች። ሌላማ ምን ትብላ? ሥጋው ውድ፣ ጤፉ ከስንት አገር በመኪና የሚመጣ። ለውድነህ ግን ጆሮው ላይ ቀይ ጨርቅ በታሰረበት ትንሽ ድስት ሽሮው ይንተከተክለታል። እብጠቱ ጎደለ፣ እንቅልፍ ተኛ፣ ሰው መሰለ።

ቀን ቀን ሠልጣኞቹን፣ «ሕዝቡን ከአጉል እምነት ማላቀቅ አለብን!» ይላል። ወደ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ እቴናት ዳቦዋን ይዛ አጠገቡ ትመጣለች። ወንድምዎ ስሙ ማነው? «ተክለጻድቅ።» ሲመጣ ከስቶ ነበር? «ትንሽ።» እናታችሁ ምን አሉ? ይሄኔ ውድነህ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። ዛሬ እነግራታለሁ ይላል፤ ሻንጣው ደጅ ተጥሎ ይታየውና ነገ ይላል። አፍሯል፣ በጣም አፍሯል። ግን ሽሮዋን ጠግቦ እየበላ ነው ያፈረው።

በሰባተኛው ሳምንት ጉድ ፈላ። ይመር የሚባል ሾፌር ነበር፣ ቀልድ የማያልቅበት። እቴናት ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ከዓሣው ወጥ አንድ ጭልፋ ቀድቶ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ድስት ውስጥ ጨመረ። ክፋት አልነበረበትም። ሳያውቅ ከበላ ስለት አይፈርስም፤ በኋላ ስነግረው እንስቃለን ብሎ ነው። ነፍስ የሚያሳጣ ነገር ነው ተብሎ ቢነገረው ኖሮ እጁን ይቆርጥ ነበር እንጂ አያደርገውም። ግን ማን ነገረው?

በሦስተኛው ጉርሻ የውድነህ ጉሮሮ ተዘጋ። ይመር እየጮኸ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነው፣ እቴናት ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ጤና ጣቢያ አደረሱት። መርፌ ተወጋና ነፍሱ ቀስ በቀስ ተመለሰች።

ዓይኑን ሲገልጥ ይመር ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። እቴናት ደግሞ ደረቷን ትደቃለች።

«ገብርኤል ነው! ሳያውቅ የቀመሰውን እንዲህ ያደረገ እኔን ምን ያድርገኝ? ባለፈው ሳምንት የዓሣውን ወጥ ጨው ቀምሻለሁ እኮ! ረስቼ፣ እጄ ለምዶብኝ! ከአፌ ሳላወጣው ዋጥኩት። ልጄን ገደልኩት፣ ሣህሉን በምላሴ ገደልኩት!»

ነርሷ ልታረጋጋት ብትሞክር አልሆነም። ውድነህ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። ከንፈሩ እንዳበጠ ነው፤ ቃሉ በግድ ወጣ።

«እትዬ፣ ስለት አይደለም። ዓሣ ስለማይስማማኝ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያደርገኛል። ገብርኤል አልቀጣኝም። ስለት የለብኝም፤ ዋሽቼ ነው።»

እቴናት እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ወንድምህስ?»

«ወንድም የለኝም።»

ጮኻ ብትሰድበው በወደደ። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በማግስቱ ሻንጣውን ደጅ አገኘዋለሁ ብሎ ነበር የተመለሰው። አልጋው ተነጥፏል። እቴናት ሽሮውን በዚያችው በቀይ ጨርቋ ድስት አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች፤ ራሷም ዳቦዋን ይዛ ተቀመጠች።

«ይህን ለመናገር ምን ነበረበት?» አለችው። «አንድ ድስት ለይቶ ማጠብ ለኔ ምን ይከብደኛል?»

«አፈርኩ፣ እትዬ። እርስዎም ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።» ዳቦዋን አየ። «ዓሣውን ይብሉ እንጂ። በኔ ውሸት ምን አስጦመዎት?»

«አንተ ዋሸህ እንጂ እኔ ለገብርኤል የነገርኩት እውነቴን ነው።» ዳቦዋን ቆረሰች፤ ግን አልጎረሰችውም። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አሥራ አንድ ወር ያልከኝ፣ ከየት አመጣኸው?»

ውድነህ ሁሉን ተናግሬ ጨርሻለሁ ብሎ ነበር። ይቺ ግን ቀርታ ኖሯል። አንገቱን ደፋ።

«የሣህሉ አሥራ አንድ ወር እስኪሞላ ከአሰብ ወጥቼ እሄዳለሁ ብዬ ነው።»

እቴናት በጣቷ አንድ ሁለት ብላ ቆጠረች፤ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ተወችው። ከዚያ ድስቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«ብላ» አለችው። «አጥቤዋለሁ።»