ከውሃ የወጣ ሰው ተራራ አይወጣም

ቡሩል ከኢሲክ ኩል ሐይቅ ብቅ ስትል አምስት ሰዓት ሆኗል። ማለዳውን ሁለት ጊዜ ጠልቃ፣ ታች በሰመጠች የዓሣ ጀልባ ላይ ገመድ ስታስር ነው የቆየችው። ጭንብሏን ስታወልቅ የእህቷ ባል ታላይ ዳር ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ሰው የሞላ ሚኒባስ ሞተሩ እንደተነሳ ይጠብቃል።

«ኤጄ፣ ሮዲዮን ባይኬ አረፈ» አላት፤ በአገሩ ቋንቋ እሷን ታላቅ እህት፣ የመጥለቅ መምህሯን ታላቅ ወንድም ብሎ እየጠራ። «ናሪን ከተማ፣ ሴት ልጁ ቤት። ቀብሩ ነገ ቀትር ላይ ነው። ልብስሽን ቀይሪና እንሂድ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውሃው ከጸጉሯ ይንጠባጠባል። ሰዓቷን አየች።

«የዶሎንን ተራራ በር ማለፍ አልችልም» አለች። «እስከ ነገ አምስት ሰዓት።»

ታላይ ገባው። ሮዲዮን ያስተማረው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ከውሃ የወጣ ሰው ያን ቀን ተራራ አይወጣም፤ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው አየር ከፍታ ላይ አረፋ ሆኖ ይገድለዋል። ወደ ናሪን ደግሞ ሌላ መንገድ የለም። ነገ በአምስት ሰዓት ብትነሳ፣ ስትደርስ አፈሩ ተመልሷል።

«ሕጉን አንድ ቀን ብታፈርሺው ምን ይላል? አይቆጣሽም፣ ሞቷል።»

ጭንብሏን ገልብጣ ውሃውን አራገፈች።

«ሰው ያማሻል፣ ኤጄ። ሃያ ዓመት እንደ ልጁ ይዞሽ።»

«ይማኝ።»

ታላይ ተንፍሶ ስልኩን አወጣ። «በይ እንግዲህ ይቺን ፎቶ እዪ። ልጁ ናት የላከችው። ትናንት የጦር መኮንኖች መጥተው ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀሏት።»

ፎቶው ላይ ሁለት ወጣቶች ከትልቅ ፊኛ ሥር ቆመዋል፤ የለበሱት ወፍራም ልብስ እስከ አንገት የታሰረ ነው። የግራው ሮዲዮን ነው።

«በፊኛ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ወደ ሰማይ ወጥቷል ይላሉ። በዘመኑ በአገሩ ማንም ያልደረሰበት። እኛን ሾፌር ነበርኩ ይለን ነበር፣ ሽማግሌው።»

«የቀኙስ?»

«ሞቶ ነው የወረደው አሉ።»

ቡሩል ፎቶውን ከዓይኗ አላነሳችም። ከዓመታት በፊት፣ አንድ ክረምት፣ አንድ ተማሪ በረደኝ ብሎ፣ ወደ ላይ ሲመጣ ውሃው መሃል ቆሞ መጠበቅ ያለበትን ደቂቃ ሳይጨርስ ወጥቶ ነበር። ሮዲዮን አልጮኸም። የሁሉንም የመጥለቂያ ልብስ አንድ ወር አሳጠበው። በዚያው ምሽት፣ የተቀደደ የጎማ ልብስ በብስክሌት ማስቲሽ እየለጠፈ፣ «ጓደኛዬ አየሩ ከሰውነቱ እንዲወጣ አንድ ሰዓት ኦክስጅን መተንፈስ ሲገባው፣ አርባ ደቂቃ ተንፍሶ ወጣ» አላቸው። «እኔም ይበቃል አልኩት፤ ነፋስ ሳይነሳ ብዬ።»

«ከየት ነው የወጣው?» አለ አንዱ።

«ከመሬት።»

ጠጥቷል ብለው ሳቁ። እሷም ስቃለች፤ ያኔ ስለ ፊኛው የሚያውቅ አልነበረም። እሱ ቀና አላለም፤ ማስቲሹን በአውራ ጣቱ እያሸ ቀጠለ።

ከሚኒባሱ ጥሩምባ ተነፋ።

«ለልጁ ምን ልበላት?» አለ ታላይ።

«አምስት ሰዓት ላይ ነው ከውሃ የወጣችው በላት።»

«ይገባታል?»

«አይገባትም» አለች ቡሩል። «የሚገባው እሱ ነበር።»

ታላይ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ሄደ። ሚኒባሱ አቧራውን እየጎተተ ከዛፎቹ ጀርባ ገባ። ቡሩል ብርዱ እስኪያንዘፈዝፋት እዚያው ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ የመጥለቂያ ልብሷን አወለቀች፣ በንጹህ ውሃ አለቀለቀችው፣ ገልብጣ አሰጣችው። ሐይቁ ዳር ማንም አልነበረም። ነገ እስኪደርስ የምትሠራው ሌላ ሥራ አጣች።