የማሩ ልክ

እንኳየሁ ጎንደር ውስጥ በአንድ የምግብ ምርመራ ክፍል ትሠራ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ወንድሟ “ለጥያቄ ትፈለጋለህ” ተብሎ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ምሳ አብሯት የሚበላ ባልደረባ አልነበራትም። ሰላም ይሏታል፤ ያልፋሉ።

በ1975 ዓ.ም. ቆላ ድባ ያሉ የአምራቾች ማኅበራት የጤፉን አረም በመድኃኒት መርጨት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን የተቆረጠ ማር ሲመረመር መድኃኒቱ ተገኘበት። በማርና በቅቤ ውስጥ ምን ያህሉ ቢቀር ሰው እንደማይጎዳ የተወሰነ ልክ ስላልነበረ፣ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። አንዷ እሷ ነበረች።

ሰብሳቢው ጓድ በላቸው ነገር አላራዘሙም።

“ልኩን ማሩ ውስጥ ከተገኘው ትንሽ ከፍ አድርገን እንወስን። ማሩም አይጣል፣ እኛም እንረፍ።”

“ጓድ በላቸው፣ ልክ የሚወጣውኮ ከሚበላው ሰው ተነሥቶ ነው” አለች። “ሕፃኑም፣ ነፍሰ ጡሯም ይበሉታል።”

“የርጭት ዘመቻውን ልትቃወሚ ነው?”

ሦስተኛው አባል አንገቱን ደፋ። እንኳየሁ ሰብሳቢው ካሉት ልክ አንድ አምስተኛውን የሚሆን ቁጥር ጻፈችና የልዩነት ሐሳቧን ብቻዋን ፈረመች። የጸደቀው የእነሱ ሆነ።

ቅዳሜ ቆላ ድባ ወርዳ፣ ማራቸው ለምርመራ የተወሰደባቸውን ሽማግሌ አያ ቢያዝንን አገኘች። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከንቦቻቸው በቀር ማንም የላቸውም።

“አያ ቢያዝን፣ የዘንድሮውን ማር አይሽጡት። እርስዎም አይብሉት።”

“ምነው? ኮሚቴዎቹ ሸጋ ነው ብለዋልኮ!”

“እኔ አላልኩም።”

“ካንቺ ጋር ሌላ ማን አለ?”

“ማንም።”

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ዶማቸውን አንሥተው ማሩን ከነገንቦው ጓሮ ቀበሩት። ጎረቤቱ “አበዱ” አላቸው።

ወሬው ጎንደር ደረሰ። በወሩ እንኳየሁ ጠዳ ወዳለ የዘር መጋዘን ተዛወረች። እዚያ ቀኑ ሙሉ በዝምታ ያልፋል፤ አንዳንዴ በራሷ ሳል ትደነግጣለች።

የካቲት ላይ አያ ቢያዝን መጡ። ቀፎዎቻቸውን ርጭት ወደማይደርስበት ተራራ እንዳወጡ ነገሯትና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጠች። ጥላው ሲዞር “እንግዲህ ልሂድ፣ ልጄ” ብለው ተነሡ።

“ትንሽ ይቆዩ” አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

“ማኪናው ያመልጠኛል።”

እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው። መኪናው ከዓይኗ ከጠፋ በኋላም እዚያው ቆማ ቆየች።