የሀምዳ ሐጃ

አዋሽ ጣቢያ ላይ ሳህኔን ይዞብኝ የሄደ ሰው ካለ እስካሁን ይቅር አላልኩትም። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ቀትር ላይ ሲቆም ተሳፋሪው ርቦት ከመስኮት ሊወድቅ ይደርሳል። እኔ ሩዝ በፍየል ሥጋ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነ ሳህን አድርጌ በመስኮት አቀብላለሁ፤ እንግዳው እዚያው ተቀምጦ ይበላል፤ ባቡሩ ሲያፏጭ ሳህኔን በመጣበት መስኮት ይመልስልኛል። ሥራው ይኸው ነው። ግን አንዳንዱ ይዘነጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሆን ብሎ ይዘነጋል። ያን ጊዜ ቀሚሴን ሰብስቤ ከባቡሩ ጎን እየሮጥኩ ስጮህ ጣቢያው በሙሉ "ኡምሰልማ ከባቡር ልትሽቀዳደም ነው" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ከባቡር ጋር የሄደ ሳህን ተመልሶ እንደማያውቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወንድሜም አልተመለሰም። ከባቲ አብረን ነው የወረድነው። እኔ አዋሽ ቀረሁ፣ እሱ "ጅቡቲን አይቼ ልምጣ" ብሎ ተሳፈረ። መጀመሪያ ሰሞን በሰው ሰላምታ ይልክ ነበር። ቀጥሎ መርከብ ላይ ተቀጠረ ተባለ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። እናታችን እስክትሞት ድረስ ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ በሩ ታይ ነበር። ስለዚህ በስድሳ ዓመተ ምሕረት ክረምት ልጄ ሀምዳ ቤይሩት ሄዳ ሐኪምነት ልትማር ትችላለች ሲባል ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ።

ወሬውን ያመጡልን አቶ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፤ የመልካ ወረር የጥጥ እርሻ ጸሐፊ። ወደ አዋሽ በወጡ ቁጥር እኔ ዘንድ ሻይና ዳቦ ሳይቀምሱ አያልፉም፤ ሥጋችንን ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድላቸው ሽታውን ብቻ አመስግነው ይሄዳሉ። ባለቤቴ ከማሉዲን የዚያው እርሻ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የተዳመጠ ጥጥ ከመልካ ወረር ጭኖ አዋሽ ጣቢያ ያራግፋል። እርሻው ከሠራተኞቹ ልጆች አንዱን ውጭ አገር ሊያስተምር ነው፤ የሀምዳ ፈተና ከሁሉም በልጧል፤ ወጪውን በሙሉ እርሻው ይችላል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ይህን አስረዱን። መልሳችሁን በሚቀጥለው ሳምንት ስጡኝ፣ ካልሆነ ዕድሉ ለሌላ ልጅ ያልፋል አሉን። ከማሉዲን አመሰገናቸው። እኔ ተጨማሪ ሻይ ቀዳሁላቸው።

ሀምዳ ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የተማረችው። በዚያ ክረምት በእርሻው ክሊኒክ ውስጥ ትረዳ ነበር። ለጥጥ ሥራ ከደጋ የሚወርደውን ሰው ወባ ይጥለዋል፤ እሷ ከጣቱ ደም ወስዳ በማይክሮስኮፕ ታያለች። ቤት ስትመጣ ምሳ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ደም ታወራናለች። "ልጄ፣ አሁን ይህ የእህል ወሬ ነው?" እላታለሁ። ትስቅና ትቀጥላለች። ስለ ቤይሩቱ ነገር ግን እሄዳለሁም አልሄድምም አላለችም። እኛም አልጠየቅናትም። እናትና አባት እያሉ ልጅ ምን ትባላለች ብለን ነው መሰለኝ።

እርስ በርሳችንም ቢሆን በቅጡ አልተጠያየቅንም። ከማሉዲንን ምን ትላለህ ስለው፣ አንቺ እናት ነሽ፣ አንቺ ካልሽው አልወጣም ይለኛል። እሱ ምን ትያለሽ ሲለኝ ደግሞ እኔ፣ አባት እያለ ምን አገባኝ እላለሁ። እንዲህ ኳሱን ስንቀባበል ሰነበትን። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ከወሎ አብሮን ወርዶ ቤታችን ውስጥ ካንድ ሰው እኩል ቦታ ይዞ ይኖራል።

አንድ ቀን ከማሉዲን መኪናውን አቁሞ ገባና እጁን እየታጠበ፣ "ጥጡም እኮ ይሄዳል። ድሬዳዋ ደርሶ አቡጀዲ ሆኖ ይመለሳል" አለ።

ለመሄዷ የወገነ መሰለኝና ደሜ ፈላ። "አቡጀዲ ስንት ዘመን ለበስን፤ አንድ ቀን እማዬ እንዴት ነሽ ብሎኛል?" አልኩት። ፊቱን አዙሮ እጁን አደረቀ። እኔ አኩርፎ ነው አልኩ።

ሰፈሩም አላረፈም። አንዷ መጥታ ያልተዳረች ልጅ ባሕር አይሻገርም ትላለች፤ ሌላዋ ቤይሩት መስጊድ ሞልቷል፣ ምን ያስፈራሻል ትላለች። ፍየል የሚሸጥልኝ የአፋር ሽማግሌ እንኳ ጉዳዩን ሰምቶ ኖሮ፣ የምትሄድበት አገር ውኃ አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ባሕር ዳር ነው አልኩት። ባሕርማ ይጠጣል እንዴ ብሎ በጣም አዘነላት። ለልጄ ከልቡ ያዘነላት እሱ ብቻ ስለመሰለኝ በዚያ ቀን የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩት።

በኛ በወሎዎች ዘንድ ነገር ሲከብድ ወዳጃ ይጠራል። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጫት ይቀርባል፣ ያስጨነቀው ሰው ሐጃውን፣ ማለት የልቡን ጉዳይ፣ በሰው ፊት ይናገራል። ሼሁ ያንን ተቀብለው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ቤቱ በሙሉ አሚን ይላል። አሚን ከተባለ በኋላ ደግሞ ወደኋላ የለም፤ ጉዳዩ ከሰው እጅ ወጥቷል። ከማሉዲን ሐሙስ ከዐስር፣ ከድኅረ ቀትሩ ሶላት በኋላ ወዳጃ እናድርግ ሲል እሺ አልኩ። እሺ ያልኩበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ።

ረቡዕ ዕለት ስኳር ቋጥሬ ሼህ ሙሐመድሰዒድ ቤት ሄድኩ። እሳቸውም የባቲ ሰው ናቸው፤ በአባቴ ወገን ይዛመዱናል። ፊታቸው ቁጭ ብዬ ሐጃዬን ነገርኳቸው። ልጅቷ ትቅርልኝ፤ እዚሁ አገር ውስጥ ትማር፤ ነገ ዱዓው ላይ ነገሩን ወደዚያ ይምሩልኝ አልኩ። ስናገር እንባዬ መጣ። ሼሁ ሰምተው ሲያበቁ "ሰማሁሽ" አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ልወጣ ስነሳ ዐይኔ ከጥግ አረፈ። አንድ እስር ጫት እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጨርቁ የኔ ነው፤ ከአሮጌ ነጠላዬ ቀድጄ ለጓዳ ያደረግኩት፣ ጥለቱ እንኳ አልጠፋም። ከማሉዲን ቀድሞኝ መጥቷል ማለት ነው። ልጄን ሊልክብኝ ሼሁን በጫት እስከመያዝ ደርሷል ብዬ መንገዱን ሙሉ ስብሰለሰል ሄድኩ። በማግስቱ ለዱዓው የታረደውን ፍየል ስሠራ ድስቱ ምን እንዳጠፋ አላውቅም፣ ክዳኑን ባነሳሁ ቁጥር አንኳኳሁበት። ከማሉዲን ብቅ እያለ የሚረዳኝ ነገር እንዳለ ይጠይቃል፤ እኔም የለም እላለሁ።

ሐሙስ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ሆንን። አቶ ሀብተ ሥላሴም መልሱን ሊሰሙ መጥተው ነበርና ቆሏቸውን ይዘው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሼሁ ጀመሩ። የቤቱን በረካ ለመኑ፣ የአገሩን ሰላም ለመኑ፣ እኛም አሚን አልን። ስለ አሚን አንድ ነገር ልናገር፦ እኔን ዱዓ ላይ የሚያህለኝ የለም። ድምፄ ከመጋረጃው አልፎ የወንዶቹን ይሸፍናል። ባቡር አባርሮ ያደገ ድምፅ ነው። ሼሁ ራሳቸው ኡምሰልማ የሌለችበት ዱዓ ጨው የለውም ይላሉ።

በኋላ ሼሁ ባለ ሐጃው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ከማሉዲን ጉሮሮውን ጠርጎ እኔና እናቷ ነን አለ።

"የምትሄዱት እናንተ ናችሁ?" አሉት።

"አይደለንም።"

"እንግዲያው ባለ ሐጃዋ ትናገር።"

ሀምዳ አጠገቤ ነበረች። እጇን ያዝኩት፤ በዚያ የአዋሽ ሙቀት በረዶ ሆኗል። ልጄ ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት አፍ አውጥታ ልሂድ የምትል አልመሰለኝም፤ ዝም ትላለች፣ ዝም ካለች ደግሞ ትቀራለች ብዬ ልቤ ትንሽ ቀለል አለው።

"ሐጃዬ መጀመሪያ የእናቴና የአባቴ ጤና ነው" አለች።

ሼሁ ተቀብለው ዱዓ አደረጉ። አሚን አልኩ።

የአባቷን መኪና ከመንገድ ክፉ እንዲጠብቅላት ለመነች። አሚን። ጅቡቲ የቀረው አጎቷ በሕይወት ካለ ወሬውን እንዲያሰማን ለመነች። የወንድሜን ስም ስንት ዓመት ሙሉ ማንም በዱዓ አንስቶልኝ አያውቅም። አሚኔ ከለቅሶ ጋር ወጣ።

"ተምሬ ስመለስ እናቴንም አባቴንም እዚችው ቤት ላግኛቸው። በእጄ ላክማቸው" አለች።

"አሚን!"

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ጮኸ። ከሁሉ የጮኸው የኔ ነበር። የከማሉዲንም ከኔ እኩል ወጥቶ መሐሉ ላይ ሲሰበር ሰማሁት። ሼሁ መዳፋቸውን በፊታቸው ላይ አሳለፉ፤ ዱዓው አለቀ።

ያልኩት ነገር የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለልጄ መሄድ አሚን ብያለሁ። ከንፈሬን ነከስኩ፤ ግን የምናደድበት ነገር ፈልጌ አጣሁ። ያን ሁሉ ቀን ሰው ትሂድ ይለኛል፣ ሰው ትቅር ይለኛል፤ ስትመለስ ያለኝ አንድም አልነበረም። እኔም ራሴ አላልኩም። እናቴ ወደ በሩ እያየች የለመነችው ቃል እሱ ነበር፤ ከልጄ አፍ ሲወጣ እንዴት አድርጌ አሚን አልልም? ደስ አለኝ። በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ሊሄዱ ሲነሱ ለመሥሪያ ቤቱ ምን ብዬ ልንገር አሉ። ከማሉዲን እኔን አየኝ። እንደ ልማዳችን ኳሱን ሊሰጠኝ ነው ስል፣ "አሚን ብለናል" አላቸው። አቶ ሀብተ ሥላሴም፣ ኧረ እኔም አብሬ ብያለሁ ብለው ሳቁ።

ሼህ ሙሐመድሰዒድ መጨረሻ ወጡ። በር ላይ ሲደርሱ ከጋቢያቸው ሥር የኔን ጨርቅ፣ ታጥቦና ታጥፎ፣ አውጥተው ሰጡኝ።

"ባልና ሚስት በአንድ ቤት እያደራችሁ አንድ ሐጃ ለየብቻ ይዛችሁ መጣችሁ" አሉን። "ትቅርልን አላችሁኝ፣ ሁለታችሁም። እኔ ምን ላድርግ? ሐጃው የእናንተ አልነበረም።"

እየሳቁ ሄዱ። እኔና ከማሉዲን ጨርቁን ይዘን ተፋጠጥን።

"አንተም?" አልኩት።

"እኔማ ካንቺ ይብሳል።"

"ታዲያ ያ የጥጡ ወሬ ምን ነበር?"

"አንቺ እንድትሄድ የፈለግሽ መስሎኝ" አለ። "እንዳላስከፋሽ ራሴን ላለማምድ ብዬ ነው።"

ከዚያ ሳቅ ያዘን። ሀምዳ ምን ሆናችሁ እያለች ብትወጣ መናገር አቃተን። ያን ቀን ያንኳኳሁበትን ድስት ራሱ ከማሉዲን አጠበልኝ።

በመስከረም ተሳፈረች። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር ነው፤ ከዚያ በአውሮፕላን። አባቷ ሻንጣዋን ከላይ ሰቅሎላት፣ ወንበሩን በመዳፉ መትቶ አቧራውን አራግፎላት ወረደ። እኔ ግን ሥራዬን አልተውኩም፤ ሩዙን እያቀበልኩ ከመስኮት መስኮት ስል ቆየሁና መጨረሻ እሷ ጋ ደረስኩ። ሥጋ የበዛበትን ሳህን ሰጠኋት። እያለቀሰችም እየሳቀችም በላች፤ እኔ ስትበላ ቆሜ አየኋት።

ባቡሩ አፏጨ። ሀምዳ ጠባዬን ታውቃለችና ጉርሻዋን ሳትውጥ ሳህኑን ፈጥና ዘረጋችልኝ። መልሼ ወደ ውስጥ ገፋሁት።

"እማዬ፣ ሳህንሽን" አለች።

"ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ።"

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሳህኑን ደረቷ ላይ ይዛ በመስኮት አየችኝ፤ እኔም አየኋት። አልሮጥኩም። እንቁላል የምትሸጠው አሰፋሽ ቅርጫቷን አስቀምጣ፣ "ኡምሰልማ፣ ሳህንሽ ሄደ እኮ፤ ምን ነክቶሽ ነው የቆምሽው?" አለችኝ።

"ይመለሳል" አልኳት። ከማሉዲን አጠገቤ ሆኖ አሚን ሲል ሰማሁት።

ቤት ገብቼ ሳጥብ ከሀምዳ ሳህን ሌላ አንድ ጎደለብኝ። ለካ እሷን ሳይ ሌላ ተሳፋሪ የበላበትን ይዞብኝ ሄዷል። እሱን ይቅር አላልኩትም።