ስድስት ሳምንት የተዘጋ መስኮት

ማይከ የደጃፏን ድንጋይ የምታጥበው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እናቷም፣ ከሆላንድ ተሰድደው እንግሊዝ አገር ኮልቼስተር ከተማ የገቡት አያቷም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ባሏ ዮስት ከሞተ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። በወገኖቿ ወግ የሐዘን ቤት ስድስት ሳምንት መስኮቱን አይከፍትም፤ እሷም አልከፈተችም። ድንጋዩን ከማጠብ ግን የሚከለክላት ወግ አልነበረም።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የሆላንድ የጦር መርከቦች ከባሕር በወንዝ ሽቅብ ገብተው የእንግሊዝን መርከቦች እንዳቃጠሉ ወሬ ደረሰ። ማይከ አልሰማችም። ተንበርክካ ስትፈትግ ጥላ አረፈባት።

«እዩልኝማ! መርከባችን ይነድዳል፣ እሷ ለእንግዳ ደጅ ታጥባለች» አለ የቢራ ቤቱ ባለቤት ጃስፐር። ከኋላው ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል።

«ቅዳሜ ስለሆነ ነው» አለች።

«መስኮቱስ? እሱም ቅዳሜ ስለሆነ ነው? የአረቄ በርሜል ደብቃ ነው እንጂ! እነሱ ሳይጠጡ መች ይዋጋሉ?»

«የሆላንድ ጀግንነት!» ብሎ አንዱ ሳቀ።

የእንግሊዝና የሆላንድ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ መጥፎ ነገር ሁሉ በሆላንዶች ስም ይጠራ ነበር። የሰካራም ድፍረት «የሆላንድ ጀግንነት»፣ «የባሰም አለ» ብሎ ማጽናናት «የሆላንድ መጽናኛ»፣ ሴተኛ አዳሪ «የሆላንድ መበለት»። ማይከ ይህኛውንም ከኋላዋ ሰምታዋለች።

«እስከ ቀትር ደወል ካልከፈትሽው በድንጋይ እንከፍተዋለን» አለ ጃስፐር።

ከመስኮቱ ሥር ያለው የሽመና መሣሪያዋ ነው። ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ጎረቤቷ ታቢታ ከመንገዱ ማዶ ደጇ ላይ ቆማ ታያለች። ዮስት ሲታመም ሾርባ ያመላለሰችው እሷ ነበረች። ልጇ ሲላስ ደግሞ ከእነዚያ የእንግሊዝ መርከቦች ባንዱ ላይ ነው።

«እትዬ ታቢታ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሯቸው!»

«ዛሬ አትጥሪኝ» አለች ታቢታ። «ነገ ጥሪኝ። ዛሬ አትጥሪኝ።»

ማይከ ወደ ቤት ገባች። ዮስት ቢኖር «ክፈቺው» ይለኝ ነበር ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች፤ አልሆነላትም። ደወሉ ሲሰማ መስኮቱን ከውስጥ ሆና ገፋችው።

ብርሃኑ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚሠራበት መሣሪያ ላይ አረፈ። በግራው በኩል የዮስት መወርወሪያ ክሩ እንደተጠቀለለበት ተቀምጧል፤ ጨርቁ እኩሌታው ላይ ቆሟል። በርሜል የለም።

ጃስፐር ጉሮሮውን ጠረገ። «አይዞሽ፤ ባልሽ ባልጋው ላይ ነው የሞተው። የባሰም አለ።»

«የሆላንድ መጽናኛ» አለ ያው ሰውዬ። አሁን የሳቀለት አልነበረም።

ሲበተኑ ታቢታ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ወደ ውስጥ ብዙ አየች። ከዚያ የመስኮቱን መዝጊያ ከውጭ ገጠመችው።

ሐሙስ ዕለት የሟቾቹ ስም ዝርዝር በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተለጠፈ። የሲላስ ስም ሦስተኛ ነበር።

ቅዳሜ ማይከ ደጇን ስትከፍት የታቢታ መስኮት ግጥም ብሎ ተዘግቶ አየችው። እንግሊዞች እንዲህ ያለ ወግ የላቸውም። ባልዲዋንና ብሩሿን አንስታ መንገዱን ተሻገረች፤ በታቢታ ደጃፍ ላይም ተንበረከከች።