የምሳ ሰዓት ፕሮፌሰር

ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ቅዳሜ ነበር፣ ከሥራ መውጫ ላይ፣ እጅ መታጠቢያው ቧንቧ ጋ። የተናገረው የብረታ ብረት ድርጅቱ የግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። "አንተ'ኮ የምሳ ሰዓት ፕሮፌሰር ነህ" አለው የድርጅቱን በያጅ፤ "ያቺን አሮጌ ካርታ ቢቀሙህ ማን ነህ?" የሰሙት ሰባት ሰዎች ነበሩ። በያጁ ሰባቱንም እስከ ዛሬ በየተራ ይጠራቸዋል፤ ማን እንደሳቀ፣ ማን ሳሙና የሚያነሣ መስሎ እንዳጎነበሰ ጭምር።

 ዛሬ ያው ሰውዬ በሠራተኞች የካርታ ውድድር ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ከስድስተኛ ክፍል ላልዘለለው በያጅ፣ በዚህ ዓለም "እሱን የሚችለው የለም" የተባለለት ነገር ካርታ ብቻ ነው።

"ፕሮፌሰር፣ ተረጋጋ" አለ ከኋላው የምሳ ሰዓት ጓደኛው ቀለም ቀቢው። "እዚያ በርሜላችን ላይ እንዳለህ ቁጠረው።"

"ተመልካች ዝም ይበል" አለ ዳኛው። "አንድ ደቂቃ አለህ።"

በምሳ ሰዓት በሚጫወቱበት በርሜል ላይ ማን ሰዓት ይዞ ያውቃል? የተሳሳተ ሰው "ቆይ፣ አልጣልኩም" ብሎ ካርታውን መልሶ ያነሣል፤ ይሰዳደባሉ፤ ደወል ሲደወል ያሸነፈውም የተሸነፈውም እየሳቀ ወደ ሥራው ይገባል።

ጆከሩ ሰውዬው እጅ ካለ፣ ሰባት ቁጥሩን መጣል መሸነፍ ነው፤ ከሌለ ማሸነፍ። የበያጁ ዓይን እንደ ልማዱ ወደ ባላጋራው ካርታዎች ጀርባ ሄደ። ጠዋት ከማሸጊያቸው የወጡ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቁ። ጥጉ የታጠፈ የለም፣ ግሪስ የነካው የለም።

 የወርክሾፑ ጆከር ጀርባው ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው ነጥብ አለው፤ የራሱ የበያጁ ፍንጣሪ። ያንን ሁሉም ያውቀዋል፣ ይሳሳቁበታልም። እሱ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካርታዎቹን በሙሉ በጀርባቸው ሲለይ፣ የሚያሸንፈው በጭንቅላቱ መስሎት ኖሯል። የወደቀውን ካርታ መቁጠር ነበረበት። አልቆጠረም። ቆጥሮም አያውቅ።

"አሥር ሰከንድ።"

ሰባት ቁጥሩን ጣለ። ሰውዬው ሳይቸኩል አነሣው፤ ጆከሩን አጠገቡ አስቀምጦ ጨዋታውን ዘጋ።

ጭብጨባው ጋብ ሲል ሰውዬው እጁን ዘረጋ። "ጥሩ ተጫውተሃል፣ የምሬን ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ እንለማመዳለን፤ ለምን አትመጣም?"

በያጁ ንግግሩን እያገላበጠ ስድብ ፈለገበት። አጣ።

"ያኔ ቧንቧው ጋ ያልከኝን ታስታውሳለህ?" አለው።

ሰውዬው ግንባሩን አኮማትሮ ከልቡ አሰበ። "የቱ ቧንቧ? ምን ብዬህ ነበር፣ ወንድሜ?"

ቀለም ቀቢው ጠጋ አለ። ዳኛው ካርታ መሰብሰቡን አቆመ። በያጁ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ እንዳለ ምላሱ ላይ ነው፣ አንድ ፊደል አልጠፋበትም። ቢያወጣው ግን በሰባቱ ሰሚዎች ላይ አዳራሹን ሙሉ ሊጨምር ነው።

"ንገረኝ እንጂ፣ ምን አልኩህ?"

በያጁ ኮቱን ከወንበሩ አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ።