የስቱዲዮው ሦስት መብራቶች

ወንድም ጋሼን ከሬዲዮ ጣቢያው ያስባረረው የከሰዓቱ ፕሮግራም አቅራቢ ነው። አድማጭ አልደወለለትም፤ ለሥራ አስኪያጁ ግን «ቴክኒሻኑ ስልኩን አበላሽቶብኝ ነው» አላቸው። የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ በአንዲት ውሸት ገደል ገባ። ወንድም ጋሼ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ተወው። እኔ ግን ንጋት እስኪመጣ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። ቂሜን ቋጠርኩ።

ማይክራፎን ተከፍቶ ስልክ መጮህ የለበትምና፣ ሲደወል በድምፅ ፋንታ መብራት የሚበራበት መሣሪያ እንድገጥም ጣቢያው ቀጠረኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ወንድም ጋሼ ነው። የማን እህት እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። ሦስቱን የስልክ መስመሮች ከማከፋፈያው ሳጥን ስቤ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቀይ መብራት ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ገጠምኩ። በየተራ ደውዬ ሞከርኳቸው፤ ሁሉም በሩ። ውሉ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ገመዱን አስረዝሜ፣ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ውስጥም ከጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ሦስት መብራት ጨመርኩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ምርቃት ነው።»

በማግስቱ ከሰዓት ፕሮግራሙ ሲጀመር፣ አሠራሩን ላሳይዎት ብዬ አጠገባቸው ቆምኩ። ሬዲዮናቸው ተከፍቷል።

«ውድ አድማጮች፣ ሦስቱም መስመሮች ተጨናንቀዋል! እባካችሁ በትዕግሥት ሞክሩ!» አለ አቅራቢው።

ሥራ አስኪያጁ ግድግዳውን አዩ። አንዱም አልበራም።

«ልጄ፣ መብራትሽ አይሠራም መሰለኝ።»

«ይደውሉና ይዩት።»

ደወሉ። የመጀመሪያው መብራት ቦግ እልም ማለት ጀመረ። አቅራቢው ተስገብግቦ አነሳው።

«ሄሎ! ከስንት ትግል በኋላ ገቡልን! ከየት ነው የሚደውሉት?»

«ከጎንህ ካለው ክፍል» አሉት ሥራ አስኪያጁ። «የተጨናነቀው መስመር ለእኔ ባንዴ እንዴት ገባልኝ? ያን ቴክኒሻን ያባረርኩትስ እንዲህ ባለ ውሸትህ ነው?»

ይህ ሁሉ በቀጥታ ስርጭት ተላለፈ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በሰው ውርደት መደሰት ነውር ነው የሚል ካለ ይበል፤ በተባረረ ቀን የወንድሜን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ።

አቅራቢው ሙዚቃ ለቆ ኮሪደር ላይ ደረሰብኝ። ላብ በላብ ሆኗል።

«ምን አድርጌሽ ነው?»

«የቴክኒሻኑ እህት ነኝ።»

ግድግዳውን ተደገፈ። «እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ ይቅር እንዲለኝ አንቺ ለምኝልኝ።»

የመሣሪያ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

«ራስህ ደውልለት» አልኩት። «ካነሳልህ።»